ከለገሃር ወዲያ ያለ ከተማ

ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ሙሾ ያላወረደ የብዕር ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ስለ ዶሮ ማነቂያ ተጻፈ፤ ስለ እሪ በከንቱ ተጻፈ፤ ስለ እንጨት በረንዳው፣ ሲረግጡት ስለሚንቋቋው ደረጃ፣ ማኪያቶው እየቀዘቀዘ ክርክር ስለጦፈባቸው ቡና ቤቶች ሁሉ ተጻፈ። በ2017 መግቢያ ላይ ተራው የካዛንቺስ ሲሆንም ብዕሩ አልነጠፈም። ይህ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። የፈረሰ ሰፈር አልቃሽ ይገባዋል። ይሁንና ለቅሶውን ራቅ ብሎ ለተመለከተ ሰው አንድ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ለመሆኑ ሳሪስ ቢፈርስ የሚያለቅስለት ማነው? ለጎፋስ? ለመካኒሳስ? ለላፍቶስ? እነዚህ ሰፈሮች በመንገድ፣ በባቡር ሐዲድና በልማት ስም ሲቆራረሱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። የትኛው ገጣሚ ነው ለሳሪስ አንዲት ስንኝ የቋጠረለት?

ጥያቄው የቅናት እንዳይመስል። (ይህ ጸሐፊ የደቡቡ ከተማ ነዋሪ ስለሆነ ጥቂት ቅናት ቢገኝበትም አይደንቅም።) ጥያቄው የሂስ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በከተማችን አንድ አዲስ ዓይነት ሰው ብቅ ብሏል። የከተማ ወዳጅ እንበለው። ይህ ሰው ማስተር ፕላን የሚለውን ቃል እንደ ዳዊት ይደግማል። የድሮ ፎቶግራፍ ይሰበስባል። የትኛውን ቤት ሕንዳዊ፣ የትኛውን አርመናዊ እንደሠራው ጠንቅቆ ያውቃል። የአስመራን ሲኒማ ቤቶች ሲያነሣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ደግ ሰው ነው፤ እሱ ባይኖር የብዙ ቤት ታሪክ ከአቧራው ጋር በንኖ በቀረ ነበር። ጉድለቱ አንድ ነው። ፍቅሩ ከለገሃር አያልፍም። ከለገሃር ወዲያ ያለው ለእሱ ከተማ አይደለም፤ ወደ ደብረ ዘይት የሚያወጣ መንገድ ነው።

የሚገርመው ይህ ዓይን የእሱ ብቻ አለመሆኑ ነው። ከተማዋን ያቀዱት ሰዎች ዓይንም ከዚህ ብዙ አልራቀም። ልናገር የምሻው ይህንኑ ነው፦ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ሲታቀድ የኖረው እንደ መተላለፊያ እንጂ እንደ መኖሪያ አይደለም። እኛ የምንጽፈውም ዝም በማለት ተባብረናል።

ሥነ ጽሑፋችንን እንደ ካርታ ብንዘረጋው ጉዳዩ ፍንትው ብሎ ይታያል። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» ውቤ በረሃን ስለጻፈው የዚያ ሰፈር ሌሊት ካለፈ በኋላ የተወለደ አንባቢ እንኳ የሚያውቀው ይመስለዋል። ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ መርካቶ በልብ ወለዶቻችን ውስጥ እንደ ገጸ ባሕርይ ይተነፍሳሉ። ሳሪስስ? በፋብሪካ ፈረቃዋን ጨርሳ፣ ጥጥ ፀጉሯ ላይ እንደተበተነ፣ በአደይ አበባ በር የምትወጣ ሴት የት ልብ ወለድ ውስጥ አለች? እኔ አላገኘኋትም። በየዓመቱ በሺዎች ሆነው በዚያ በር ገብተው ወጥተዋል። ያልተጻፈ ሰፈር ደግሞ ለአፍራሹ ይመቻል፤ «እዚህ ምን ነበረ?» ለሚል ጠያቂ የሚመልስ ገጽ የለውም።

ስሙ ራሱ ታሪክ አለው። ንፋስ ስልክ ማለት ሽቦ የሌለው፣ በንፋስ የሚሄድ ስልክ ማለት ነው። ሬዲዮ ለአገሩ ባዳ በነበረበት ዘመን ሕዝቡ ለጣቢያው ያወጣው ስም ነው። የቋንቋ አካዳሚ ቁጭ ብሎ ቢመክር ከዚህ የተሻለ ትርጉም ማግኘቱን እጠራጠራለሁ። ላፍቶ ደግሞ በኦሮምኛ ግራር ነው። በ1995 አካባቢ ከተማዋ በዐሥር ክፍለ ከተማ ስትከፋፈል ሁለቱ ስሞች ተጋቡ። በሰማይ የሚያልፍ መልእክትና ከመሬት የማይንቀሳቀስ ዛፍ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በተሠራው ሥራ ሁሉ የቀናው ለሚያልፈው ነው።

አዲስ አበባ ፕላን አጥታ አታውቅም። ጣሊያን በያዛት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1936፣ ስመ ጥሩው ለ ኮርቡዚዬ ለአዲሶቹ ገዢዎች የሚሆን ንድፍ ሠርቶ ነበር። በንድፉ ላይ ግዙፍ ጎዳና አለ፤ የሌለው ነዋሪው ነው። ወረቀቱ ላይ ከተማዋ እንደ ባዶ ሜዳ ነበር የታየችው። ቀጥሎ ግዊዲና ቫሌ የሚባሉ ጣሊያኖች ነጩንና ጥቁሩን የሚለያይ ፕላን አወጡ። የአገሬው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ዛሬው መርካቶ የሄደው በዚያ ሐሳብ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ለንደን ከጦርነቱ ፍርስራሽ እንድትነሣ ያቀዱት ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ተጋበዙ። በ1957 ፈረንሳዊው ደ ማሪያን፣ ከአብዮቱ በኋላ በ1970 ሃንጋሪያዊው ፖሎኒ መጡ። በ1978 ኢትዮጵያውያንና ጣሊያኖች አብረው ያዘጋጁት ማስተር ፕላን ተጠናቀቀ፤ የጸደቀው ግን በ1986 ነው፤ ስምንት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተኛ ማለት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ፣ በ2009 ደግሞ ሌላ ተከተሉት። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ፕላን ይለወጣል፤ አንዳንዴም መንግሥቱ ሳይለወጥ ይለወጣል።

ከእነዚህ ሁሉ የደ ማሪያን ሥራ ለጉዳያችን ዋና ምስክር ነው። የቸርችልን ጎዳና ልብ በሉ። ከላይ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ከታች ባቡር ጣቢያው፤ በመካከል ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ ለዓይን የሚያምር ቁልቁለት። እንደ ሥዕል ካየነው ግሩም ሥራ ነው፤ ይህን መካድ ንፉግነት ይሆናል። ግን ሥዕሉ የት ላይ ያልቃል? ለገሃር ላይ። ከባቡር የወረደ እንግዳ ፊቱን ወደ ሰሜን መልሶ ከተማይቱን እንዲያደንቅ ነው የታሰበው። ጀርባው ወደ ንፋስ ስልክ ነው።

ለጀርባ የተሰጠው ደግሞ ፋብሪካ ነው። የባቡሩ ሐዲድም የደብረ ዘይት መንገድም የሚመጡት በደቡብ በኩል ስለሆነ ቀለም ፋብሪካው፣ ክር ፋብሪካው፣ መጋዘኑ ሁሉ በዚያ ተሰለፈ። ወንዙም ወደዚያው ነው የሚወርደው። የላይኛው ከተማ ያጠበው ሁሉ በትንሹ አቃቂ አድርጎ በመካኒሳና በላፍቶ ያልፋል። በዚያ ወንዝ ዳር ለአሥርተ ዓመታት ጎመንና ሰላጣ ሲመረትበት ኖሯል። አትክልቱ ተመልሶ ለላይኛው ከተማ ማዕድ ይቀርብ ነበርና በዚህ በኩል እንኳ ፍትሕ አልጎደለም ማለት ይቻላል።

በፋብሪካው ዙሪያ ግን ሰው ኖረ። ፕላን አውጪው «ኢንዱስትሪ» ብሎ ቀለም በቀባበት ቦታ ላይ ሳሪስ ገበያ ቆመ፤ እድር ተመሠረተ፤ ጠጅ ቤት፣ ሽሮ ቤት፣ ልብስ ሰፊ፣ ጎማ ጠጋኝ ተከፈተ። የደብረ ዘይት መንገድ ለነዳጅ ቦቴው መተላለፊያ ቢሆንም ለሳሪስ ሰው አደባባዩ ነበር። መንገድ ዳርና ዳር የሚኖር ሰው ጥቅሙም ጠላቱም መንገዱ ነው፤ መኪናው ልጁን ይገጭበታል፤ መኪናው ደንበኛ ያመጣለታል።

በመስከረም 2008 ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ ቃሊቲ የሚደርሰው ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። ከምሥራቅ ምዕራቡ መስመር ጋር 34 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ነው። ከተማው ሁሉ ደስ አለው፤ ደስታውም ተገቢ ነበር። በ2 ብር፣ በ4 ብርና በ6 ብር ሰው ከታክሲ ግፊያ ዐረፈ። ጠዋት ፋብሪካ የሚገባው፣ ማታ ትምህርት ቤት የሚሄደው፣ ሸቀጥ ተሸክማ ወደ ላይ የምትወጣው ሁሉ ተጠቅመዋል። እኔ ባቡሩን አልነቅፍም። የምነቅፈው አጥሩን ነው።

ሐዲዱ በሳሪስ በአብዛኛው መሬት ለመሬት፣ በመንገዱ መሀል ነው የሚሄደው። ግራና ቀኙ ታጠረ። ትናንት በሃያ እርምጃ ይሻገሩት የነበረው መንገድ ዛሬ እስከ ጣቢያው መሻገሪያ ተሂዶ፣ ተሻግሮ፣ በዚያኛው በኩል ተመልሶ ነው። ለባለ መኪና ይህ ምንም አይደለም። በርበሬ ልታስፈጭ ለወጣች እናት፣ ለአንካሳ፣ ለሽማግሌ ግን ሌላ ቀበሌ እንደ መሄድ ነው። ማዶ ያለው ሱቅ ደንበኛውን አጣ። ማዶ ያለው እድርተኛ ለቅሶ ሲደርስ ላብ ያጠምቀው ጀመር። አንድ የነበረው ሳሪስ ማዶና ማዶ ሆኖ የሚተያይ ሁለት ሳሪስ ሆነ። ዓመታት ሲገፉ ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጦት የቆሙበት ጊዜ መጣ። አጥሩ ግን አንድም ቀን ሥራ አላቆመም።

የቀለበት መንገዱም ታሪክ ይኸው ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጠናቀቅ ከሳሪስ አቦ ወደ ጀርመን አደባባይ፣ ከዚያም ወደ ዘነበወርቅ ያለው ክፍል ሰፈሮቹን እንደ ቢላዋ ነው የቆረጣቸው። የእግረኛ ድልድይ ተሠራላቸው። ሕዝቡ ድልድዩን ትቶ የሲሚንቶውን ግንብ እየዘለለ ተሻገረ፤ ሕይወቱም አለፈ። ያን ጊዜ የተባለውን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ «ሥነ ሥርዓት የማያውቅ ሕዝብ» ተባለ። ገበያው ድልድዩ ካለበት ግማሽ ኪሎ ሜትር ርቆ ለምን እንደቆመ፣ ይልቁንም ድልድዩ ከገበያው ርቆ ለምን እንደተተከለ የጠየቀ አልነበረም። የእግረኛ ዱካ ሂስ ነው። ሕዝቡ በእግሩ ጽፎታል፤ አላነበብነውም እንጂ።

አሁን ወደ ጀሞ እንሂድ። ሃያሲ ነኝ የሚል ሰው ኮንዶሚኒየምን አይቶ «ሣጥን» ብሎ ማለፍ ይቀለዋል። ብዙዎች ብለው አልፈዋል። ነገሩ ግን እንዲህ በአንድ ቃል የሚዘጋ አይደለም። በገርጂ ጀርመኖች ባገዙት ሙከራ ርካሽ ቤት መሥራት እንደሚቻል ከታየ በኋላ፣ በአቶ አርከበ ዕቁባይ ከንቲባነት ዘመን ፕሮግራሙ ሲታወጅ በ1997 የተመዘገበው ሰው ከ450 ሺህ በላይ ነበር። ይህ ቁጥር ስንት አባወራ በዘመድ ጓሮ፣ በሰርቪስ ክፍል፣ በጭቃ ደባል ቤት ይኖር እንደነበር ይናገራል። ከእነዚህ ቤቶች 30 በመቶው ለሴቶች እንዲሆን መደረጉም በዚህ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ጎፋ መብራት ኃይል ተሠራ፤ ጀሞ ቀጠለ። ለብዙ ቤተሰብ በስሙ የተመዘገበ የመጀመሪያው ቁልፍ ነው።

በጀሞ ብሎኮች መካከል ስዘዋወር ሁለት ደራሲ ያለው መጽሐፍ ሆኖ ይታየኛል። የመጀመሪያው ደራሲ ንድፉን ያወጣው መሐንዲስ ነው። ዓረፍተ ነገሩ አንድ ነው፤ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ከመቶ ጊዜ በላይ ይደግመዋል። ያው ደረጃ፣ ያው መስኮት፣ ያው ብሎክ። ቁጥሩ ባይጻፍበት ማታ ሞቅ ብሎት የሚገባ አባወራ የሰው በር ማንኳኳቱ አይቀርም። መሐንዲሱ አገሩን ያስታወሰው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ኮሚናል በሚባለው ቤት። በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ድግስና ለቅሶ የሚቀመጡበት የጋራ ቤት። ይህ ከውጭ መጽሐፍ የተቀዳ አይደለም። የጓሮን ሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ መሥራት እንደማይቻል የገባው ሰው ያሰበው ነው። እኔን ቢጠይቁኝ በጠቅላላው ፕሮግራም ውስጥ ሐሳብ የሚባል ነገር ያለው እዚያ ላይ ነው። ያሳዝናል፤ በየቦታው ኮሚናሉ ለሱቅና ለግሮሰሪ ሲከራይ እናያለን፤ በጉም ደረጃው ሥር ይታረዳል።

ሁለተኛው ደራሲ ነዋሪው ነው። የመጀመሪያው የረሳውን እሱ ያርማል። በረንዳውን ዘግቶ ጓዳ ያደርገዋል። በብሎኩና በብሎኩ መካከል በቀረው ባዶ መሬት ላይ ጎመን ይተክላል። ምድር ቤቱ ለሱቅ በተሸጠበት ብሎክ ዳር ጉልት ይዘረጋል፤ ቡና ይፈላል፤ ኳስ ሜዳ ያጣው ልጅ በኤሌክትሪክ መብራት ሥር ይጫወታል። ልብ ብላችሁ እዩ፤ ሱቅ ያለበት ብሎክ ዳር ሴት ልጅ ሌሊት ሦስት ሰዓት ላይ ሳትፈራ ትሄዳለች። ሱቅ የሌለበት ብሎክ ዳር ሁለት ሰዓት ላይ ሰው ይሮጣል። አሜሪካዊቷ ጄን ጄኮብስ ስለ ከተሞች ሞትና ሕይወት በጻፈችው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1961 ያለችው ይህንኑ ነው፦ መንገድን የሚጠብቀው ፖሊስ ሳይሆን የነዋሪው፣ የባለ ሱቁ ዓይን ነው። ሴትየዋ ጋዜጠኛ እንጂ ፕላነር አልነበረችም፤ የኒው ዮርክ ባለ ሥልጣኖች በሰፈሯ አጠገብ አውራ ጎዳና ሊያሳልፉ ሲነሡ ከተከራከሯቸው ጎረቤቶች ጋር ሆና እቅዱ እንዲቀር አድርጋለች። የጀሞ ባለ ጉልት መጽሐፉን አላነበበችውም፤ ትሠራዋለች እንጂ። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ደግሞ ትሮጣለች።

ያልተነገረው የጀሞ ምዕራፍ ሌላ ነው። ዕጣ ዓይን የለውም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚል ሕዝብ ጎረቤቱን በዕጣ አገኘ። በመሀል ከተማ አርባ ዓመት አብረው እድር የጠጡ ሰዎች አንዱ ጀሞ፣ ሌላው የካ አባዶ ወደቀ። ወርሃዊ ክፍያውን ያልቻለ ቤቱን አከራይቶ ራሱ ጭቃ ቤት ተከራየ። መሬቱም ቢሆን ባዶ አልነበረም። ላፍቶን ላፍቶ፣ ፉሪን ፉሪ ብለው የሰየሙት የኦሮሞ ገበሬዎች ያርሱት ነበር። በ1997 የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ለሚነሣ ገበሬ የሚሰላለት ካሣ ካለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው ዐሥር እጥፍ እንዲሆን አዘዘ። ጤፍ ተሰላ፤ በጤፉ ቦታ የሚበቅለው ፎቅ አልተሰላም። ይህ ቂም ውሎ አድሮ የት እንዳደረሰን የሚታወቅ ነው። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ያሉ የኦሮሚያ ከተሞችን ያጣምራል የተባለው ማስተር ፕላን በ2006 ተቃውሞ ቀሰቀሰ፤ ብዙ ሕይወት ከጠፋ በኋላ በጥር 2008 ተሰረዘ። በዚያው ዓመት ሰኔ፣ በዚሁ ክፍለ ከተማ በሐና ማርያም አካባቢ፣ ቀርሳና ኮንቶማ በሚባለው ሰፈር ሕገ ወጥ የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱ እንደገና የሰው ሕይወት ጠፋ። ክረምቱ ገብቶ ነበር። ዜናው ሁለት ሳምንት ተወራ። ሙሾ አልወረደም። እሪ በከንቱ የሚለውን ስም ፒያሳ ወሰደው እንጂ ለዚያ ሰፈር በተገባው ነበር።

እንግዲህ የኮሪደር ልማቱ ወደ እኛ የመጣው በዚህ ሁሉ ላይ ነው። በ2017 የጀመረው ሁለተኛው ምዕራፍ ከያዛቸው መስመሮች አንዱ ከሳር ቤት ተነሥቶ በካርል አደባባይ፣ በብሥራተ ገብርኤል፣ በአቦ ማዞሪያና በላፍቶ አደባባይ አድርጎ ፉሪ አደባባይ የሚደርሰው ነው። የሚመሰገነውን ሳያመሰግኑ መንቀፍ ሂስ አይባልም። የእግረኛ መንገዱ ሰፋ። መብራት በራ። ጭቃ ያቦካ የነበረ ሰው ጫማው ሳይቆሽሽ ሥራው ይደርሳል። ይህች ከተማ ለመቶ ዓመት ያህል በእግር የሚሄደውን ብዙኃኑን ንቃ ለባለ መኪናው ስትገነባ ኖራለችና ለእግረኛ የተሠራ አንድ ሜትር ንጣፍ እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

ግን ኮሪደር ማለት ምንድን ነው? ቃሉን በቃሉ እንውሰደው። በቤት ውስጥ ኮሪደር ከክፍል ወደ ክፍል የሚያልፉበት ነው። ኮሪደር ላይ አይተኛም፤ አይበላም፤ እንግዳም አይቀመጥበትም። ንፋስ ስልክ ላፍቶን ኮሪደር ብሎ መጥራት ደ ማሪያን የጀመረውን ዓረፍተ ነገር መጨረስ ነው። ከንጣፉ ዳር ጉልቷን የዘረጋችው፣ ጫማ የሚጠርገው፣ በቆሎ የምትጠብሰው፣ ጋዜጣ ዘርግቶ የሚያስነብበው ይነሣሉ፤ መንገዱ ይጠራል። ከአጥሩ ወዲያ ሃምሳ ሜትር ገባ ብትሉ ግን ያው የቀድሞው ጉራንጉር፣ ያው የጋራ ሽንት ቤት ነው። ፊት ታጥቦ አንገት ቀረ። ደግሞም ጥድፊያው! በወራት የታቀደ በሳምንታት ሲፈርስ ማን ምን እንደጠፋበት ለመቁጠር እንኳ ጊዜ የለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ነውና የዛሬው ንጣፍ ነገ ለቧንቧ ሲቆፈር ብናይ አንገረም።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ይታወቀኛል። «አንተ ጉራንጉር ናፋቂ፣ እስቲ አንድ ሽንት ቤት ለሃያ አባወራ በሚጋሩበት ግቢ ኑርና እንይህ» የሚል አለ። እውነት አለው። ለቀበሌ ቤት ግጥም መግጠም የሚቀለው ለማይኖርበት ነው። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤትን ሲወርስ የቤት ኪራይ ዝቅ አለ፤ ኪራዩ ሲወርድ ግን ጣራውን የሚጠግን ጠፋ። ያ ጣራ ሃምሳ ዓመት አፍስሷል። ስለዚህ ቅርስ ነውና እንዳለ ይቆይ የሚለው የከተማ ወዳጃችን ሐሳብ ለተከራዩዋ ወይዘሮ ስድብ ነው። እሷ የምትፈልገው ሽንት ቤት፣ ውኃና እዚያው መቆየት ነው። ሦስቱን አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም ያለው ማነው? ሬድ ባርና የተባለው የኖርዌይ ድርጅት በ1970ዎቹ በተክለ ሃይማኖት አካባቢ በጀመረው፣ በኋላም ወይዘሮ ጀምበር ተፈራ በመሩት ሥራ ነዋሪው ሳይነሣ ቤቱ ታድሷል፤ ሽንት ቤትና ማዕድ ቤት ተሠርቷል፤ መተላለፊያው ድንጋይ ተነጥፏል። ለካሜራ የሚያምር አልነበረም። ሪባን የሚቆረጥበት በር እንኳ አልነበረውም። ለዚህም ይሆናል ማንም መልሶ ያላነሣው።

አንዳንዱ ወዳጄ ነገሩ የገንዘብ ነው ይለኛል። እኔ የዓይን ነው እላለሁ። የሳሪስን አጥር ያጠረው መሐንዲስ ገንዘብ አልጎደለውም፤ አጥሩም በነጻ አልተሠራም። ሁለት ተጨማሪ መሻገሪያ ከመላው ሐዲድ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው። ያልነበረው እዚያ የሚሻገር ሰው እንዳለ ማየት ነው። ማየት ደግሞ የፕላነር ሥራ ብቻ አይደለም። ደራሲ፣ ፊልም ሠሪ፣ ፎቶግራፍ አንሺ፣ ሃያሲ የሚባለው ሁሉ እንጀራው ነው። ፒያሳን ሲያይ የኖረ ዓይን ወደ ደቡብ ቢዞር የሚያየው አያጣም። ጀሞ ኮሚናል ውስጥ የተቀመጠ ለቅሶ አለ። በሐዲዱ አጥር ማዶና ማዶ የቀሩ እድርተኞች አሉ። ወደ ገላን ጉራ በአውቶቡስ ተጭነው ሲሄዱ በሳሪስ ያለፉ የካዛንቺስ ሰዎች አሉ፤ በመስኮት ያዩት ምን ነበር?

ለዐሥር ዓመት እንዲያገለግል በ2009 የወጣው መዋቅራዊ ፕላን ዘመኑ እስከ 2019 ነው። ቀጥሎ ሌላ መምጣቱ አይቀርም። በልማዱ ረቂቁ በመሀል ከተማ አዳራሽ ቀርቦ፣ ባለሙያ ለባለሙያ አስረድቶ፣ ሻይ ተጠጥቶ ይበተናል። አሁንስ ካርታው ወደ ሳሪስ፣ ወደ ሐና ማርያም፣ ወደ ጀሞ ቢወርድ ምን ይከፋል? ከሐዲዱ በየትኛው በኩል መሻገሪያ እንደጎደለ ጣቷን አንሥታ የምታሳይ ባለ ጉልት አትጠፋም። አዳራሽ የለም እንዳይባል ኮሚናሉ አለ። ወንበርና ድንኳን ካስፈለገም እድሩ ያበድራል፤ ሰብሮ የሚመልስ ከሆነ ግን ቅጣቱን ይከፍላል።